የብልጭ ወንበር

ሰፈሩ «ብልጭ» የሚላት ሴተኛ አዳሪ በገዛ ካሜራዋ ማንገቻ ታንቃ አልጋዋ ሥር ተገኘች። የካሜራው ካርድ የለም። ደንበኞቿን አንድ ወንበር ላይ እያስቀመጠች ፎቶ እንደምታነሳ ያልሰማ አልነበረም፤ ምናቸውን እንደምታነሳ የምታውቀው ግን ታናሽ እህቷ ብቻ ነበረች።

ባልደረቦቹ «ቀስ በቀስ» የሚሉት መርማሪ ደረጃውን ሲወጣ ከእሱ በፊት ትንፋሹ ደረሰ። እህትየዋ ጥግ ይዛ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ሰውዬው ይመለሳል! የቀሩት ፎቶዎች እኔ ጋ ናቸው።»

«ማን ነው?»

«ባውቀውማ መች እንዲህ እፈራ ነበር! ወንበሩ ጠዋት ከሥሬ ተሰብሮ፣ አናጢ ልጠራ በወጣሁበት ነው እታለምን...»

መርማሪው ወንበሩን ነካካው። ደህና ይመስላል፤ አንዱ የኋላ እግሩ ግን ለወጉ ያህል ነው የተደገፈው።

«መሰበሩን ለማን ነገራችሁ?»

«ለማንም።»

የዚያን ዕለት የደወሉላት ነጋዴው፣ መምህሩና ጠበቃው ነበሩ። ሦስቱም «ደወልኩ እንጂ አልመጣሁም» አሉ። መርማሪው እዚያው ክፍል በየተራ አስገባቸው።

ነጋዴው ምሎ ሳይጨርስ ዘፍ አለና ከነወንበሩ ተዘረጋ። «ወይኔ ወገቤ! ምርመራ ማለት ይሄ ነው?»

መርማሪው የወንበሩን እግር መልሶ አስደገፈ። መምህሩም በጨዋ ደንብ ተቀመጠ፤ በጨዋ ደንብ ወደቀ።

እግሩ እንደገና ከተደገፈ በኋላ የገባው ጠበቃ ግን ሳይታወቀው ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠጋና ጫፉ ላይ ብቻ ቀስ ብሎ አረፈ። 

መርማሪው ሦስቱንም አንድ ላይ ጠራቸው።

«ይህ ወንበር የተሰበረው በሞተችበት ቀን ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት የመጣ ሰው ተማምኖ ይቀመጣል፣ ይወድቃል። እርስዎ ግን ጌታዬ፣ እንደ ቁስለኛ ነው የያዙት። በዚያን ቀን እዚህ ካልነበሩ መሰበሩን ማን ነገረዎት?»

ለሰው ሁሉ የሚሟገተው አንደበት ለባለቤቱ አልሆነም። «ልሾም ነበር» አለ ጠበቃው። «የፊቴ ፎቶ በእጇ ነበር። ካርዱን ስጪኝ ብላት እምቢ አለችኝ።»

«ፊት አንስታ አታውቅም!» አለች እህትየዋ። «እጃችሁን ብቻ ነበር የምታነሳው። ‹ፊታቸው ይለምናል፣ እጃቸው ያዛል› ትል ነበር።»

መርማሪው ጠበቃውን በካቴና ይዞ ሲወጣ ነጋዴው ወደ እሷ አንድ እርምጃ ቀረበ፤ መምህሩም ተከተለው።

«የእኛስ ፎቶ?»

ማምለጫ አልነበራትም። ስልኳን አውጥታ ካሜራውን ደገነችባቸው።

ሁለቱም እጃቸውን ከኋላቸው ደበቁ።