አንድ ጫማ ጥላ

«አንድ ጫማ ብቻ ነው የጠየቅሁሽ» አሉ አያ ዘርአ ዳዊት ዶማቸውን ተደግፈው። «አንድ ጫማ ደግሞ ምን አላት? ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት።»

አስካለማርያም የቦዩን አፍ ልትዘጋበት ያነሣችውን ድንጋይ እንደታቀፈች ቀረች። ቀትር ሆኗል፤ የሳቸው የውኃ ተራ አልቋል። ግን ትናንትም ከትናንት በስቲያም አንድ ጫማ ጠይቀዋት እሺ ብላለች። ዛሬ ምን ብላ እምቢ ትበል?

«እሺ፣ አያ» ብላ ድንጋዩን መልሳ አስቀመጠችው።

«ተባረኪ። እሺ ይበልጣል ከሺ የተባለው እንዳንቺ ላለው ነው።»

ከአንኮበር ቁልቁል ባለው በዚያ ተዳፋት ላይ በበጋ ያለው ውኃ አንዲት ምንጭ ናት። ከምንጯ በሚወርደው ቦይ አራት ቤተሰቦች ማሳቸውን ያጠጣሉ። ማን መቼ እንደሚያጠጣ የሚለካው የውኃ አባቱ ነው፤ እሳቸውም የአስካለማርያም አባት ወልደአረጋይ ነበሩ። ጥር በገባ በሦስተኛው ቀን ገደል አንሸራትቷቸው እግራቸው ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ አስሮ አርባ ቀን እንዳይነሡ አዘዘ። ሽማግሌዎቹ መከሩና፣ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ አባቷን እየተከተለች ልኩን ታውቀዋለችና «እስኪድን ልጅቱ ትያዘው» አሉ። የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ ያውም ሴት፣ ውኃ ስታከፋፍል ታይቶ አይታወቅም። እንዲያው እሺ ባይ ስለሆነች ነው የመረጧት ብለው የሚያሙም አልጠፉም፤ ሐሜቱ ደግሞ ከእውነት ብዙ የራቀ አልነበረም።

ልኩ የሰው ጥላ ነው። ለካዩ ፀሐይን ከኋላው አድርጎ ይቆማል፤ የአናቱ ጥላ ካረፈበት ላይ ድንጋይ ያስቀምጥና ጫማ በጫማ እየገጠመ ይቆጥራል። ከንጋት ጀምሮ ጥላው ዘጠኝ ጫማ እስኪሆን የገብረ ሕይወት ተራ ነው። ከዚያ አጥሮ አጥሮ ቀትር ላይ አራት እስኪደርስ የዘርአ ዳዊት። ተመልሶ ረዝሞ ዘጠኝ እስኪሆን የወለተ ሥላሴ። ከዘጠኝ እስከ ጀንበር መጥለቂያ የነአስካለማርያም።

በመጀመሪያው ቀን ገብረ ሕይወት «የሷ እግር የድመት ነው፤ ቁጥሩን ልታዛባብን ነው» ብለው አስቀው ነበር። እሷ ግን ነገሩ አሳሰባትና ጎን ለጎን ቆመው እንዲለኩ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ዘጠኝ፣ እሷም ዘጠኝ። ለካ እግሩ ያነሰ ሰው ቁመቱም ያንሳል፣ ጥላውም ያጥራል። በዚህ ግኝቷ ደስ ብሏት ያገኘችውን ሰው ሁሉ ስትለካ ዋለች። ጥጃዋንም ለመለካት ሞክራ ነበር፤ በየትኛው እግሯ እንደምትቆጥር ግራ ገብቷት ተወችው።

ዛሬ ግን ዘርአ ዳዊት ወደ ማሳቸው እንደተመለሱ ወለተ ሥላሴ ከታች ቁና ቁና እየተነፈሱ ወጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያን ማሳ የሚይዙት ብቻቸውን ነው።

«ልጄ፣ የበርበሬ ችግኜ እየጠወለገ ነው። ሦስት ቀን እንዲህ ከቆየ ዘንድሮ በርበሬ የለኝም። በርበሬ ከሌለኝ ደግሞ ለገበያ የማወጣው ነገር የለኝም።»

«እትዬ፣ አያ ዘርአ ዳዊት ከአንቱ አንድ ጫማ ቢወስዱ፣ እኔ ከእኛ ተራ አንድ ጫማ ጨምሬ እስከ ዐሥር እያጠጣሁልዎ አይደለም? እኩል ነው እኮ።»

«እኩል መሆኑ ለበርበሬው አልገባውም» አሉ ወለተ ሥላሴ።

አስካለማርያም አፈረች። ግን ከሐፍረቷ ይልቅ መገረሟ በለጠ። አንድ ሄዶ አንድ ከመጣ፣ የጎደለው የት ገባ? ባዘቶዋንና እንዝርቷን አውጥታ ከመለኪያው ቦታ አጠገብ ተቀመጠች። እየፈተለች፣ እየተነሣች ትለካለች።

ጥላው አራት ጫማ ላይ ተኝቶ ቀረ። አንድ እንዝርት ሙሉ ፈትላ ስትነሣ ጣት ታህል ብቻ ፈቀቅ ብሏል። ሁለተኛውን እንዝርት ሞልታ ሦስተኛውን ስትጀምር ነው አምስት ጫማ የደረሰው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከዘጠኝ እስከ ዐሥር ጫማ ያለውን ጠበቀች። ያኔ ጥላው ለገበያ እንደዘገየ ሰው ይቸኩል ነበር፤ የእንዝርቷ ሩብ እንኳ ሳይሞላ ዐሥር ሆነ።

ጫማና ጫማ እኩል አልነበረም። የቀትሩ አንድ ጫማ የወለተ ሥላሴን ተራ ግማሽ ይበላል። የማታው አንድ ጫማ ግን ለአንድ መደብ ችግኝ እንኳ አይበቃም። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው አስደስታለሁ ብላ በእሺታዋ የሴትዮዋን ማሳ አድርቃለች።

አመሻሽ ላይ ለአባቷ ስትነግራቸው ከተኙበት ሳቁ።

«እኔ ይኸን የነቃሁበት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው።»

«አያ ዘርአ ዳዊትስ ያውቃሉ?»

«ከኔም ቀድሞ።»

«አባዬ፣ እርስዎን አንድ ጫማ ሲጠይቁዎ ምን ይሏቸው ነበር?»

አባቷ የታሰረ እግራቸውን አዩ። «እኔን ጠይቆኝ አያውቅም።»

አስካለማርያም ፊቷ ጋለ። ተናደደች፤ በዘርአ ዳዊት ብቻ አይደለም፣ በራሷም። ግን አባቷን ከገደሉ አዝለው ያወጧቸው ዘርአ ዳዊት ናቸው። እንዲህ ላለው ሰው እምቢ ማለት እንዴት ያለ ነገር ነው? ሰውስ ምን ይላል? አባቷ እንዲህ አድርጊ ይሏት እንደሆነ ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን «ያዘለኝን አልረሳሁም፤ አንቺም አትርሺ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እንግዲህ የቀረው የሷ ነው።

በማግስቱ ጥላው አራት ጫማ ላይ ሲደርስ ዘርአ ዳዊት ፈገግ ብለው መጡ።

«ያችን አንድ ጫማ ዛሬም አትነፍጊኝም መቼም።»

«ዛሬ አሁኑኑ እዘጋዋለሁ፣ አያ።»

«ምነው ልጄ? አንድ ጫማ እኮ ናት።»

«አንድ ጫማዋ ሁለት እንዝርት ታስፈትላለች።»

እንዝርቷን አዩ፤ እሷን አዩ። ፈገግታው ከፊታቸው ጠፋ።

«አባትሽን ከዚያ ገደል ያወጣሁት በዚህ ጀርባዬ ነው።»

«አውቃለሁ፣ አያ። የአዝመራዎ ለቀማ ሲደርስ እመጣለሁ፤ ሳምንትም ቢፈጅ እለቅምልዎታለሁ። ጉልበቴ የኔ ነው። ውኃው ግን የኔ አይደለም።»

«ለአባትሽ እነግረዋለሁ።»

«ይንገሯቸው።»

ድንጋዩን ስታስገባ አጠማማችው፤ ውኃው በጎን አመለጠ። ጭቃና የሣር ጓል ጨምራ ጠቀጠቀችው። ዘርአ ዳዊት ቆመው አዩና ሰላምታ ሳይሰጡ ሄዱ። እኚህ ሰው ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሳይመርቋት አልፈው አያውቁም።

ወለተ ሥላሴ ውኃው በጊዜው ሲደርስላቸው ጭቃ በጭቃ ሆነው ወጡ።

«እግዜር ይስጥሽ። ልጄ፣ ያለፈብኝን ታውቂዋለሽ። የዛሬውን የእናንተን ተራ ሙሉውን ተይልኝ፤ ችግኜ ነፍስ ይዝራ።»

እውነታቸውን ነው። ያደረቀችባቸውም እሷ ናት። እሺ የምትለዋ ቃል ከምላሷ ጫፍ ደርሳ ነበር። ግን በነሱ ተራ የሚጠጣው እናቷ የዘራችው ምስር ነው። ሦስት ቀን ሙሉም ያንን ተራ ማንንም ሳትጠይቅ ስትሸራርፍ ሰንብታለች።

«ማታ አባቴንና እናቴን እጠይቅልዎታለሁ፤ ጥፋቱ የኔ መሆኑንም እነግራቸዋለሁ። ዛሬ ግን ዘጠኝ ጫማ ላይ እዘጋዋለሁ፣ እትዬ።»

«ለእኔም?»

«ለአንቱም።»

ወለተ ሥላሴ ትክ ብለው አዩዋት። ከዚያ ዶማቸውን አንሥተው ወደ በርበሬያቸው ወረዱ። አስካለማርያም ፀሐይን ከኋላዋ አድርጋ ቆመች፤ ድንጋይ አስቀመጠችና ጫማ በጫማ እየገጠመች ቆጠረች። ስድስት ነው። ገና ሦስት ጫማ ይቀራቸዋል።