ሥራ የሌለው ሰው

በማርስ ምድር ውስጥ በተቆፈረችው ንጋት ከተማ አየር የሚከፈተው በቃል ነው። ማሽኑን "ለእገሌ አየር ስጥ" ይሉታል፤ ይሰጣል። መብራቱም እንዲሁ ነው። የማሽኑ ቋንቋ የቆመው እናት ሰዋስው በሚሉት ሥር ላይ ነው። በዚያ ቋንቋ ምን ምን ነገር እንዳለ፣ በር ምን እንደሆነ፣ ሰውም ምን እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው። የዚህ ሰዋስው ጠባቂ ትርንጎ ናት።

አንድ ቀን ልጇ መዓዛ የከተማዋን የመጀመሪያ ሕፃን ወለደች። ማሽኑ ግን ለሕፃኑ አየር ከለከለ።

"ሰው አይደለም፤ ሥራ የለውም።"

መዓዛና ሕፃኑ የአንድ ሰው አየር ተካፈሉ። የመዓዛ ከንፈር መጥቆር ጀመረ።

"ዘበኛ ነው በይው፣ እትዬ!" አለ የአየር ቴክኒሻኑ ደጀኔ። "በዚህ ጩኸቱ ሌባ ያባርራል።"

ትርንጎ ሳትስቅ እንዳለው ጻፈች። አየሩ እያፏጨ ገባ። እፎይ ከማለታቸው ማሽኑ ተናገረ።

"ዘበኛው በር ላይ አልተገኘም። ሥራውን ትቷል።"

አየሩ ተዘጋ።

"እማዬ..." አለች መዓዛ፤ ድምፅዋ ተቆረጠ።

ትርንጎ እናት ሰዋስውን ከፈተች። ከተማዋ ስትቆፈር የመጣው ሁሉ ሠራተኛ ስለነበር፣ "ሰው ማለት ከሰው የተወለደ፣ ሥራ ያለው ነው" ተብሎ ተጽፏል።

"እሱን ከነካሽው በላዩ የተሠራው ሁሉ ይናጋል!" አለ ደጀኔ።

"ይናጋ።"

"ሥራ ያለው" የሚለውን ፋቀችው። ማሽኑ ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ሊመረምር ዝም አለ። የከተማዋ አየር ቆመ። ትርንጎ እጇን የሕፃኑ ደረት ላይ አድርጋ ጠበቀች።

በመጨረሻ አየሩ አፏጨ። ሕፃኑ አለቀሰ።

ከታችኛው ዋሻ ግን ሌላ ፉጨት ተሰማ። ደጀኔ ሮጦ ወርዶ፣ ፊቱ ተለዋውጦ ተመለሰ።

"መቃብር ክፍሉ አየር ተከፍቶለታል። መብራቱም በርቷል። ጋሼ ይርዳው..."

ይርዳው የትርንጎ ባል፣ የመዓዛ አባት ነው። ዋሻው ሲቆፈር ተንዶበት ሞተ። በማሽኑ ቋንቋ ሞት የሚባል ነገር አልነበረም። ይርዳው ሥራ ስላቆመ ብቻ ከሰው ተራ ወጥቶ ነበር፤ አሁን ማሽኑ እንደገና ሰው ብሎ ቆጠረው።

ትርንጎ እናት ሰዋስውን እንደገና ከፈተች። ከዚያ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "የሞተ፦ ሰው ነው። አየር አያስፈልገውም።"

የታችኛው ፉጨት ቆመ።

"መብራቱስ ይጥፋ?" አለ ማሽኑ።

ትርንጎ የልጅ ልጇን አቀፈችው።

"መብራቱ ይቆይ" አለች።