አንድ መኪና፣ ሁለት መሰኪያ

መካኒኩ ሙናዊር ሞቶ የተገኘው ሊመረምራት በገባባት መኪና ውስጥ ነው። የኋላው ወንበር ተነሥቶ፣ የትልቁ ባትሪ ክዳን ተከፍቶ፣ እሱ በላዩ ላይ ተደፍቶ ነበር። ያገኘችው እትዬ ሸዋርካብሽ ናት። የጁምዓ ሶላት አልቆ መንገዱ ሲለቀቅ «ልግዛት ወይስ ይቅርብኝ?» ብላ ልትጠይቀው ብትመጣ፣ በመልሱ ፈንታ ሬሳው ጠበቃት።

ነገሩ ለእሷ የዋዛ አልነበረም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ተክለ ሃይማኖት ያለችውን ሱቋን ሸጣ፣ በነዳጅም በባትሪም በምትሄድ ሃይብሪድ ታክሲ ልጆቿን ልታሳድግ ቆርጣለች። መኪናዋ ብዙ የተነዳች መስላት «ባትሪው ተከፍቶ ካልታየ አልገዛም» ብላ ሙጭጭ ያለችውም ራሷ ናት። ሙናዊር የባሏ ባልንጀራ ስለነበር እሺ ብሎ ገባላት። አሁን ጋራዡ በር ላይ የተሰበሰበው ሰው «በእሷ ጥርጣሬ የሰው ልጅ ጠፋ» ሲል ትሰማለች። መርካቶ ፍርድ አያሳድርም። እሷም እውነታቸውን ነው እያለች፣ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር።

ኢንስፔክተር ሎዛ ከጣቢያ መጣች። ዝግ ብላ የምትናገር፣ ቶሎ የማትቆጣ ሴት ናት። የሟቹን መዳፎች ገልብጣ አየች፤ ሁለቱም ተቃጥለዋል። ከቱታው ኪስ ብርቱካናማ እጀታ ያለው መሰኪያ አወጣችና ምንነቱን ጠየቀች።

ያስረዳት ጎረቤቱ የመለዋወጫ ነጋዴ ኃይለልዑል ነው። ባትሪውን መሐል ላይ የሚያገናኘው ይህ መሰኪያ ነው፤ ከተነቀለ ኃይሉ ይቋረጣል። ሙናዊር ደግሞ ሌላ ሰው እንዳይሰካበት ነቅሎ ኪሱ ሳይከት ባትሪ ነክቶ አያውቅም።

«ነቅሎታል ማለት ነው እንግዲህ፤ የገደለው ልቡ ይሆናል» አለ መኪናዋን የሚያሻሽጠው ደላላ ጓንጉል፣ በሐዘኔታ።

ሎዛ ወደ መኪናዋ ኋላ ዞራ የዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ ገለጠች። ከሥሩ፣ ባትሪው ጎን ላይ፣ ሌላ መሰኪያ በቦታው ተሰክቶ ነበር። በጨርቅ ይዛ ነቀለችው።

ከዚያ ሎዛ ሦስቱን ወንዶች በየተራ ጠየቀች። የመኪናዋ ባለቤት ጀዋር ከሟቹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆነው አንዋር መስጊድ ደጅ መስገዳቸውን ነገራት። በግራሶ ልብስ አይሰገድምና ሙናዊር ቱታውን ጋራዡ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቅሎት ነው የሄደው። ኃይለልዑል ከጠዋት ጀምሮ ራጉኤል ቀብር ላይ ነበር፤ የሱቁንም በር አልዘጋም። ሙናዊርና ኃይለልዑል ጋራዡንና ሱቁን የሚተዉት ለጓንጉል ነው። ሁሌ ዓርብ ዓርብ በሁለቱ በሮች መሐል ወንበሩን አስቀምጦ ይጠብቅላቸዋል፤ አንዲት ብሎን ጠፍታ አታውቅም።

«ጋሼ ጓንጉል፣ ለአፍታም አልተነሡም?»

ሰውየው እንደተሰደበ ቀና አለ። «የሰው አደራ ይዤ? አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ሲባል አልሰማሽም ልጄ? ለሽንት እንኳ አልተነሣሁም። በእኔ ጥበቃ አንድም ሰው እዚህ በር አልገባም።»

ሎዛ ሁሉንም መኪናዋ ዙሪያ ሰበሰበችና ሁለቱን መሰኪያዎች ኮፈኑ ላይ ጎን ለጎን አኖረች።

«ለአንድ መኪና አንድ መሰኪያ ነው» አለች። «ተሰክቶ ያገኘሁት ይኸኛው የሙናዊር የግራሶ ጣት አሻራ አለበት። ከኪሱ የወጣው ግን ንጹሕ ነው። ስለዚህ ኪሱ የከተተው እሱ አይደለም። ሶላት ላይ ሳለ ሰው ገብቶ የሙናዊርን መሰኪያ ከቱታው ኪስ አውጥቶ ሰካው፤ በምትኩ ይኼን ከተተለት። ሙናዊር ተመልሶ ቱታውን ለበሰ፣ ኪሱን ዳበሰ፣ መሰኪያ አለ። ተማምኖ በሁለት እጁ የባትሪውን ሁለት ጫፍ ያዘ።»

ኃይለልዑል ንጹሑን መሰኪያ አየና ከራሱ መደርደሪያ የተወሰደ መሆኑን በፍርሃት አመነ።

«እርስዎ ቀብር ነበሩ» አለችው ሎዛ፤ «ጀዋር ከሟቹ ጋር ነበር። ሱቁም ጋራዡም በአንድ ሰው እጅ ነበሩ። ጋሼ ጓንጉል፣ የተሰካውን በኋላ ሊነቅሉት አስበው እትዬ ሸዋርካብሽ ቀደመችዎት። ‹ትንሽ ተነሥቼ ነበር› ቢሉኝ መርካቶን በሙሉ መጠርጠር ነበረብኝ። ማንም ካልገባ ግን የገቡት እርስዎ ነዎት።»

አሁንም «ተነሥቼ ነበር» ሊል ይችል ነበር። ያቺ ቃል ግን አልወጣችለትም፤ ዕድሜውን ሙሉ የኖረው አደራ ጠባቂ በሚለው ስሙ ነው።

«አደራ ጥዬ አልተነሣሁም» አለ በመጨረሻ። «የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ወደ ኋላ የመለስኩት እኔ ነኝ። ሙናዊር ባትሪውን ከፍቶ ሲያይ ያውቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ከተነገረብኝ ከእንግዲህ ማን ቁልፉን ይሰጠኛል?»

ጀዋር ማልቀስ ጀመረ። በመኪናዬ እጠረጠራለሁ ብሎ ፈርቶ የደበቀው ነገር ነበር።

«ወደ መስጊድ ስንሄድ ነግሮኛል» አለ። «‹ቆጣሪው ተነክቷል፣ ባትሪው ግን ጤነኛ ነው፤ ተመልሼ መግጠም ብቻ ነው የቀረኝ። ዋጋ ቀንስላትና ትግዛት› አለኝ። የማን ሥራ እንደሆነም አውቋል። ‹የጓንጉልን ስም አታንሣ፣ ለብቻው እመክረዋለሁ› ብሎኝ ነበር።»

ሎዛ ካቴና ስታወጣ ጓንጉል እጁን ራሱ ሰጣት።

ሰዉ ሲበተን ጀዋር ወደ ሸዋርካብሽ ጠጋ ብሎ፣ ባለችው ዋጋ መኪናዋን እንድትወስድ ለመናት፤ የሟቹም ቃል ነው አላት።

«እሱንስ አምኜዋለሁ» አለች። «ነገ ብትበላሽ ግን በዚህ ሰፈር የማንን ቃል ልመን?»

ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ሙናዊር ቤት፣ ወደ ለቅሶው ሄደች።