ሻምበሉ የነካው ምድጃ

የመዳብ ኩባንያው በተመሠረተ በሰባተኛው ዓመት፣ በኅዳር ወር የመጀመሪያ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ መቶ ያህል ባለአክሲዮኖች በሃያ ሠረገላ ተጭነው ወደ ማቅለጫው ኮረብታ ይወጡ ነበር፤ ከኮረብታው ራስ ላይ ነጭ ጭስ እየተትጎለጎለ ይታይ ነበርና፣ ባለባርኔጣዎቹ ሀብታሞች ገና ከሩቅ ተነሥተው አጨበጨቡ።

በሦስተኛው ሠረገላ የተቀመጠችው ዳቦ ጋጋሪ ግን አላጨበጨበችም። ሃያ ስድስት ዓመት ከምድጃ ፊት የቆመች ሴት ናት፤ አጠገቧ ያለው ታላቅ ወንድሟ ጡረታ የወጣ ሻምበል ነበር። ሻምበሉ ያለ የሌለውን በዚህ ኩባንያ ላይ አፍስሷል፤ እርሱን አምነውም በሥሩ ያገለገሉ ሠላሳ ስምንት ወታደሮች ጥሪታቸውን አፍስሰዋል።

ምን አተረፉ? በመጀመሪያው ዓመት ስብሰባ ዳይሬክተሩ «መሣሪያው መርከብ ላይ ነው» አለ፤ ለዚህ ሰው አንቱታው ይቅርብኝ። በሁለተኛው ዓመት መሣሪያው ወደብ ደረሰ፣ ድልድዩን ግን ጎርፍ ወሰደው፤ በሦስተኛው ድልድዩ ተሠራ፣ መሐንዲሱ ታመመ፤ በአራተኛው መሐንዲሱ ዳነ፣ ጡቡ አልረባ አለ፤ በአምስተኛውና በስድስተኛው ድልድዩ ታመመ ማለት ብቻ ነበር የቀራቸው። ሁሉም ስብሰባ «በሚመጣው ዓመት፣ ያለ አንዳች ጥርጥር» በሚል ቃል ያልቅ ነበር፤ አንጀት የሚያሳርረው ደግሞ ያንኑ ወረቀት ዓመቱን ብቻ ፍቀው ማንበባቸው ነው።

ዘንድሮ አዲስ ነገር መጣ፤ ተጨማሪ መዋጮ ያልከፈለ ሰው የቀድሞ አክሲዮኑን ያጣል ተባለ። ለሻምበሉ የቀረው የአባታቸው ቤት ነበር፤ የእህቱ ምድጃ ያለውም በዚያው ቤት ጓሮ ነው። ገዢ ተገኝቷል፤ የሽያጩ ውል ኮቱ ኪስ ውስጥ ነው። እህቱ አልቅሳ፣ ተቆጥታ፣ በመጨረሻ አንድ ቃል አስገብታው ነበር፤ የማቅለጫው ምድጃ መንደዱን ራሱ ካላረጋገጠ አይፈርምም።

«አየሽ?» አላት፤ «ይኸው ጭሱ! ስድስት ዓመት ሙሉ ስታሽሟጥጪ ኖርሽ።»

«ጋሼ፣ ይሄ እርጥብ እንጨት ነው የሚጨሰው። ባለፈው ወር ግንቡ አላለቀም ሲሉ አልነበር? አዲስ ምድጃ በአንድ ጀምበር አይነድም። ያቺ የኔዋን ትንሿን እንኳ ሦስት ሳምንት ለዘብ ባለ እሳት ነው ያደረቅኋት።»

«አንቺ የምታውቂው ዳቦ ነው።»

«የማውቀውማ እሳት ነው!»

ከኮረብታው ሲደርሱ ሠራተኞች እንግዶቹን ከምድጃው ሃያ እርምጃ ርቆ ከተወጠረ ገመድ ኋላ አቆሟቸው፤ ለደኅንነታቸው ነው ተባለ። ዳይሬክተሩ ሳጥን ላይ ወጥቶ ስለ ዓለም ገበያ ማውራት ጀመረ። ጋጋሪዋ ቀሚሷን ሰብስባ በገመዱ ሥር ሾለከች፤ ማንም ሳይደርስባት መዳፏን ከግንቡ ላይ አሳረፈች። ግንቡ እንደ ምድር ቤት ግድግዳ ይቀዘቅዛል። ዞር ብላ ስታይ፣ ከጭስ ማውጫው ግርጌ ሁለት ሰዎች ተጎንብሰው እርጥብ ቅጠልና ገለባ ይከምራሉ።

«ቀዝቃዛ ነው!» ብላ ጮኸች። «ጭስ ነው እንጂ እሳት የለም!»

«እመቤት» አለ ዳይሬክተሩ ፈገግ ብሎ፣ «ይህ እኮ የዳቦ ምድጃ አይደለም፤ ግድግዳው ወፍራም ነው።» ባለባርኔጣዎቹ ሳቁ።

«እንግዲያው በሩን ክፈቱት! የመበለቷን የጡረተኛውን ገንዘብ ስድስት ዓመት በልታችሁ አልበቃችሁም? ደግሞ በጭስ ዓይናችንን ልታጠፉት ነው?»

ሳቁ ቆመ፤ ከኋላ የቆሙት የሻምበሉ ወታደሮች አጉረመረሙ። ዳይሬክተሩ መዳብ አያውቅም፤ ሰው ግን ያውቃል። ዓይኑ ሻምበሉን ፈልጎ አገኘው።

«ሻምበል፣ ወታደሮችዎ በቃልዎ ያምናሉ። ይምጡና እርስዎ ራስዎ ይንኩት።»

ሻምበሉ ገመዱን አልፎ መጣ፤ ሠላሳ ስምንቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ያዩታል። መዳፉን ግንቡ ላይ አሳረፈ። እህቱ አጠገቡ ነበረችና ፊቱ ሲገረጣ አየች፤ እንደ ገባው አወቀች። እርሱ ግን አንገቱን መልሶ ወታደሮቹን ተመለከተ፤ አንድ በአንድ ተመለከታቸው። ከዚያም እጁን መንጭቆ አራገበ።

«ያቃጥላል!» አለ።

ኮረብታው በጭብጨባ ተናወጠ።

«ጋሼ!» አለች።

«ሠላሳ ስምንት ሰው ነው፣ እቴ» አለ በሹክሹክታ። «ምን ብዬ ዓይናቸውን ልይ?»

«እውነቱን ብለህ ነዋ! እውነቱን ብለህ!»

ሻምበሉ ያን ዕለት ማታ ፈረመ። ወታደሮቹም ያላቸውን ሸጠው ከፈሉ፤ አንድም የቀረ አልነበረም። በአምስተኛው ወር ዳይሬክተሩ መርከብ ተሳፍሮ የውሃ ሽታ ሆነ፤ የምድጃውን ጡብ የአካባቢው ሰው እየነቀለ አጥር ሠራበት። ጋጋሪዋ በኪራይ ግቢ አዲስ ምድጃ ሠርታ ሦስት ሳምንት አደረቀችው፤ መጠጊያ ያጣው ወንድሟም ከእርሷ ጋር ኖረ። አበላችው፣ አጠበችለት፤ ይቅር ግን አላለችውም፤ እኔም አልፈርድባትም። በብርድ ጠዋት ደንበኞች ሁሉ ወደ ምድጃው እጃቸውን ሲዘረጉ፣ እርሱ ከበሩ አጠገብ እጆቹን በብብቱ ሸጉጦ ይቀመጥ ነበር።

ከአርባ ዓመት በኋላ የተጻፈው የከተማው ታሪክ ስለዚያ ቀን አራት መስመር ሰጥቷል። ምድጃው በከፍተኛ ሥነ ሥርዓት መለኮሱን፣ አንድ የተከበሩ ሻምበል በእጃቸው ነክተው ሙቀቱን መመስከራቸውን፣ ኩባንያውም በኋላ በዓለም ገበያ መዋዠቅ ምክንያት መዘጋቱን ይተርካል። የዳይሬክተሩ ፎቶግራፍ ከነሜዳሊያው አለበት። ስለ ሠላሳ ስምንቱ ወታደሮችም ሆነ ገመድ አልፋ ስለ ጮኸችው ሴት አንዲት ቃል የለም። ጸሐፊው ሰነድ አገላብጧል፤ ሰነዱም የሻምበሉን ቃል ይዞ ቆይቷል። ግንቡ ግን ቀዝቃዛ ነበር።