የእድሩ መኪና ባትሪ

ሚኒባሱ አልነሳም አለ።

ሾፌሩ ሕዝቅያስ ቁልፉን አዞረ። ጠቅ አለና ዝም። ደገመው። አሁን ጠቅታውም ጠፋ። ከኋላ ምጥ የያዛት ሊዲያ የወንበሩን ብረት ጨብጣ "ወይኔ እናቴ!" ትላለች። ጎረቤት ተጠራርቶ ወጣ። እንዳይገፉት መኪናው የቆመው ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው፤ ከፊቱም ዳገት፣ ከኋላውም ዳገት።

በስንት ጩኸት አንድ ባጃጅ ተገኘ። ልጁ የተወለደው ሆስፒታሉ በር ላይ፣ እዚያው ባጃጅ ውስጥ ነው። እናትም ልጅም ተረፉ፤ ተመስገን። ሐኪሟ ግን "ትንሽ ዘግይታችሁ ቢሆን ኖሮ..." ብላ ሳትጨርሰው ሄደች። ታቦር ሰፈር በንዴት ነደደ።

ደግሞስ ቢናደድ ይፈረድበታል? ያ ሚኒባስ ዝም ብሎ መኪና አልነበረም። በሚሊኒየሙ ዓመት እድርተኛው ከልጆቹ ጉሮሮ ቀንሶ የገዛው ነው። ሬሳ ይሸኛል፣ ወላድ ያደርሳል። በመላው ሀዋሳ የወላድ መኪና ያለው እድር የማን ነበር? የታቦር! ሐይቅ ዳር ያሉት እንኳ መጥተው ዞር ዞር እያሉ አይተውታል፤ ቀንተውም ሄደዋል።

ችግሩ ባትሪው ነበር። አሮጌው በሙቀት እያለቀ ስላስቸገረ አዲስ እንዲገዛ በጉባኤ ተወሰነ። የትኛው ይገዛ? እዚህ ላይ ጦርነት ተነሳ።

"ቬርቶላ ነው እንጂ ሌላ ምን አለና!" አሉ ምክትል ሰብሳቢው ጋሽ ፍቅሬ። ከመሥሪያ ቤት ኃላፊነት ጡረታ የወጡ፣ በሰፈሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። "እኔ ፔጆዬን የምነዳው በሱ ነው። አለቀ!"

ሩት ተነሳች። አሮጌው መናኸሪያ አጠገብ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላት።

"ጋሼ፣ ቬርቶላ ለብርድ አገር የተሠራ ነው። እዚህ ባትሪ የሚጨርሰው ሙቀት ነው። መኪናችን ሬሳ ይዞ እስከ ቢላቴ በረሃ ይወርዳል። ዳንሶ ይሻለናል። ውስጡ ያለው እርሳስ ወፍራም ነው፤ ውሃውም ቶሎ አይተንበትም።"

እጅ ወጣ። ሩት አሸነፈች። በዚያ ጉባኤ ሴት ተነስታ፣ ያውም ከጋሽ ፍቅሬ ጋር ተከራክራ ስትረታ የመጀመሪያዋ ነበረች። ሴቶቹ እልል አሉላት። ባትሪውንም ከራሷ ሱቅ አመጣች።

እንግዲህ የሞተው ያ ባትሪ ነው። ገና ወር እንኳ ሳይሞላው።

"አሮጌ ባትሪ ላይ አዲስ ወረቀት ለጥፋ ሸጠችልን!" ተባለ። ለእሑድ ከሰዓት ጉባኤ ተጠራ። ሩት ከእድሩ ትሰረዝ የሚል ነው ነገሩ። ቤቷ አልጋ ላይ የዋሉ እናት አሏት። ከተሰረዘች ክፉ ቀን ሲመጣ ድንኳን የሚተክልላት የለም፣ አስከሬን የሚሸከምላት የለም። ሩት ሌሊቱን ሙሉ ያለቀሰችው ለሱቋ አልነበረም።

ጠዋት ፊቷን ታጥባ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

"ወይ እሰሩኝ፣ ወይ ስሜን አጽዱልኝ" አለች።

ዋና ሳጅን ኢየሩስ ቀና ብላ አየቻት። ባልደረባዋ ከጎን ሳቀ።

"የባትሪ ምርመራ ልትከፍቺ ነው እንዴ ሳጅን?"

"ወላድ መንገድ ላይ ቀርታለች። ይኼ የሚያስቅህ ከሆነ ውጪ ወጥተህ ሳቅ" አለችውና ኮፍያዋን አነሳች።

ባትሪው ሚኒባሱ የፊት ወንበር ሥር ነበር። ኢየሩስ የሰው እጅ አትጠብቅም፤ ራሷ ጎትታ አወጣችውና ጭኗ ላይ አስደግፋ ተሸከመችው።

"ኧረ ሳጅን፣ አታጋድሚው! አሲድ አለው!" አለ ሕዝቅያስ።

"ዝም ብለህ መልስልኝ። መኪናው የት ይቆማል?"

"እድሩ ግቢ።"

"ቁልፉ?"

"አንዱ እኔ ጋ። ትርፉ ጋሽ ፍቅሬ ጋ።"

"ግቢው ባዶ የሚሆነው መቼ ነው?"

ሕዝቅያስ አሰበ። "እሑድ ጠዋት። ኦርቶዶክሶቹ ቤተ ክርስቲያን፣ እኛ ፕሮቴስታንቶቹ ጸሎት ቤት። ዘበኛው ጋሽ ባህሩም ከቅዳሴ አይቀርም።"

ኢየሩስ የዳንሶን ወረቀት በጥፍሯ ላጥ አደረገችው። ከሥሩ የሌላ ወረቀት ሙጫ አለ። ጠርዝ ጠርዙ ላይም ነጭ ዝገት ጋግሯል። ባትሪው አሮጌ ነው። ማነው ታዲያ አዲስ ያስመሰለው? ሩት ሸጣው ነው ወይስ ሌላ ሰው ለውጦት?

በዚያው ቀን ጥቆማ መጣ። የመኪና ኤሌክትሪክ በሚሠራው በደረሰ ጋራዥ ውስጥ አዲስ ዳንሶ መሬት ላይ ተቀምጧል።

"የማነው?" አለች ኢየሩስ።

"የ... የደንበኛ ነው።"

"ደንበኛው ስም የለውም?"

"አለው። ማለቴ፣ ጠፋኝ።"

"ጣቢያ ስትደርስ ይመጣልሃል። ባትሪውንም ያዝ።"

ሰፈሩ "ተገኘ!" አለ። ደረሰን ያየ ሁሉ አፉን ከፈተበት። ጣቢያው በር ላይ ሰው ተሰብስቦ ሳለ የእድሩ ንብረት ያዥ እትዬ ሽታዬ ሕዝቡን በክርናቸው እየገፉ ገቡ። ሁለቱ ባትሪዎች ጠረጴዛ ላይ ናቸው።

"ከሥራቸው አያችሁ?" አሉ።

"ምኑን እትዬ?"

"ምልክቱን ነዋ! የእድር ሳህን ምልክቱ የት ነው? ከታች አይደል?"

እውነት ነው። ታቦር ውስጥ ሠርግም ይሁን ለቅሶ፣ የእድሩ ትሪ፣ ጭልፋ፣ ወንበር ከሰው ዕቃ ጋር እንዳይቀላቀል እትዬ ሽታዬ ሁሉንም ከሥሩ በቀይ የጥፍር ቀለም ይቀቡታል። ያ ቀለም የሌለውን ዕቃ እንኳን ሊያውሱ አይነኩትም።

"ባትሪውንም ቀቡት?" አለች ኢየሩስ።

"ባትሪስ ዕቃ አይደለም እንዴ? ሩት ያመጣችው ዕለት፣ መኪናው ውስጥ ሳይገባ በእጄ ነው የቀባሁት።"

ሁለት ፖሊሶች አንዱን ባትሪ ቀጥ አድርገው ብድግ አደረጉት። ኢየሩስ ጎንበስ ብላ አየች። የለም። ሁለተኛውንም አነሱ። የለም። የደረሰ ጋራዥ ባትሪ የእድሩ አይደለም። ከሚኒባሱ የወጣውም የእድሩ አይደለም። ደረሰ ሲፈታ ወዲያው የደንበኛው ስም ትዝ አለው፤ በድንጋጤ ነው የጠፋበት፣ ምስኪን።

ሩት ግን ገና አልተነፈሰችም። "ሌባው ካልተያዘ፣ እትዬ ሽታዬ ወዳጇ ስለሆኑ ዋሹላት ይላሉ" አለች። ልክ ነበረች።

ቅዳሜ ጠዋት ኢየሩስ ያጠበችውን የደንብ ልብስ ልትተኩስ ዘረጋችው። ሱሪው ጭኑ ላይ ተበሳስቷል።

"ወይኔ ሱሪዬ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ቀዳዳውን ጠጋ ብላ አየችው።

አሲዱ ነው። ዕለቱን ምንም አልታያትም ነበር፤ ሲታጠብ ነው ጨርቁ የተበላው። እነ ሕዝቅያስ ባትሪ ሲያነሱ ቀጥ አድርገው፣ ከልብሳቸው አርቀው ነው። የለወጠው ሰው ግን እንደ እሷ ለሸክሙ አዲስ ከሆነ፣ ልብሱ አይተርፍም። ኢየሩስ በተበሳ ሱሪዋ ላይ መሳቅ ጀመረች።

ትርፍ ቁልፍ ያላቸውን ሰው ለመጠየቅ ጋሽ ፍቅሬ ቤት ሄደች። ባለቤታቸው ወይዘሮ እታፈራሁ ግቢው ውስጥ ልብስ ያሰጣሉ። ገመዱ ላይ ነጭ ጋቢ ተዘርግቷል። መሐሉ ወንፊት ሆኗል።

"ምን ነካው እትዬ?"

"አይጥ ነው እንጂ ምን ይሆናል ልጄ! የክት ጋቢው እኮ ነው፣ እሑድ እሑድ የሚለብሰው።"

ኢየሩስ ጣቷን አስገባች። የቀዳዳው ጠርዝ ፍርፍር አለ። የአይጥ ጥርስ እንዲህ አያደርግም። ጋሽ ፍቅሬ ከቤት ብቅ አሉ።

"ሳጅን! የዚያችን አጭበርባሪ ጉዳይ ጨረስሽ?"

"ልጨርስ ነው ጋሼ። የእርስዎ ቬርቶላ እንዴት ነው?"

"በአንድ ቁልፍ! ጠይቂ ሰፈሩን!"

"አሁን ነዋ" አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ ልብሱን እየጨመቁ። "ባለፈው ሰሞን የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ አልነበር እንዴ የሚገፋልን?"

"አንቺ ደግሞ! ማን ጠየቀሽ?"

ኢየሩስ እንዳልሰማ ሆነች። "ነገ በፔጆው ይምጡ ጋሼ። ጉባኤው ይየው።"

ፊታቸው በራ። "እመጣለሁ እንጂ!"

እሑድ ከሰዓት እድርተኛው በሙሉ ግቢው ውስጥ ነበር። ሩት ፊት ለፊት ብቻዋን ተቀምጣለች። አንገቷን ግን አልደፋችም። ኢየሩስ ሰብሳቢውን አስፈቅዳ ተነሳች።

"ጋሽ ፍቅሬ፣ እስቲ ያስነሱልን።"

ፔጆው በአንድ ቁልፍ ተነሳ። ጋሽ ፍቅሬ በመስኮት ብቅ ብለው "ቬርቶላ!" አሉ። ያጨበጨበም አልጠፋም።

"አሁን ያጥፉትና ኮፈኑን ይክፈቱት። ሕዝቅያስ፣ ባትሪውን ብድግ አድርገው።"

"ለምን?" አሉ ጋሽ ፍቅሬ። ድምፃቸው ወረደ።

ሕዝቅያስ አነሳው። ላዩ ላይ የቬርቶላ ወረቀት አለ። እትዬ ሽታዬ ጎንበስ አሉ።

"የኔ ቀለም! ይኸው ቀዩ! የእድራችን ነው!"

ግቢው ተናወጠ። ኢየሩስ እጇን አነሳች።

"ጋቢዎትን ምን በላው ጋሼ?"

"አይጥ..."

"አሲድ ነው። ከጋቢው ሥር ደብቀው አንዱን አስገቡ፣ አንዱን አወጡ። ሚኒባሱ ውስጥ የሞተው ባትሪ የማን ነበር?"

ጋሽ ፍቅሬ ኮፈኑን ለመዝጋት እጃቸውን ሰደዱ።

"የማን ነበር?"

"የኔ" አሉ። "የኔው ቬርቶላ ነው። ሙቀቱ ጨረሰው። በፊት የነበረውንም ጨርሶታል።"

"ሌላ አይገዙም ነበር?"

"ምን ገዝቼ? ዳንሶ? ከዚያ ሁሉ ክርክር በኋላ፣ በሷ ተረትቼ፣ ከሷ ሱቅ?" አፈሩና መሬት መሬት አዩ። "የሁለቱን ባትሪዎች ወረቀት ለዋወጥኩት። ዳንሶም ይሞታል እንዲባል ብቻ ነበር። ወላድ ትሳፈራለች ብዬ... እግዚአብሔር ያውቃል፣ አላሰብኩም።"

"የወላድ መኪና ላይ ወላድ ካልተሳፈረች ማን ሊሳፈር ነው?" አለች ሊዲያ፣ ልጇን ታቅፋ።

"ይሰረዝ!" የሚል ጩኸት ተነሳ። ሰብሳቢው ወደ ሩት ዞሩ።

"የተበደልሽው አንቺ ነሽ። ምን ትያለሽ?"

ሩት ብድግ አለች።

"ፍርድ ቤት ይቅረቡ፤ የሊዲያ ጉዳይ የኔ አይደለም፣ ይቅር ልልበት አልችልም። ከእድር ግን አይሰረዙ። እኔ ሰሞኑን እናቴን ማን ይቀብርልኛል እያልኩ አድሬያለሁ። ያንን ሌሊት ለጋሽ ፍቅሬም አልመኝም።"

ወይዘሮ እታፈራሁ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ከዚያ እትዬ ሽታዬ እልልታውን ለቀቁት። እኛ የታቦር ሰዎች እንደዚያ ቀን ኮርተን አናውቅም። መኪናውን የገዛን ዕለት እንኳ እንዲያ አልኮራንም።

ባትሪው ወደ ቦታው ተመለሰ። ጣቢያው የላከው ፒክአፕ ስላልነበረ ኢየሩስ ጋሽ ፍቅሬን በዚያው ሚኒባስ ልትወስዳቸው አሳፈረቻቸው። ሕዝቅያስ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ።

ጋሽ ፍቅሬ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ። ሰው ሁሉ ያያል።

"ሩት" አሉ፣ ጮክ ብለው፣ ሁሉም እንዲሰማ። "ምርጫሽ ልክ ነበር።"

ሩት ቀና ብላ አየቻቸው።

"አውቃለሁ ጋሼ" አለች።