የደረቀው ጨርቅ

ሦስት ክረምት ዝናብ ጠፋ። በመጀመሪያው እህል አለቀ። በሁለተኛው ከብት አለቀ። በሦስተኛው የሰምራት ምንጭ ነጠፈ፤ ሰው ሬሳ የሚቀብርበት ጉልበት አጣ።

በሰምራት መንግሥት በቤት ደጃፍ የነሐስ ቅጠል ይሰቀል ነበር። የቤቱ ግንብ ባለቀ ዕለት ለኪው ጠዋት እርጥብ ጨርቅ በግድግዳው ላይ ያንጠለጥላል። ጨርቁ እስከ ማታ ካልደረቀ ቤቱ ሙቀት አያስገባም፣ ለማቀዝቀዝም ውሃ አያባክንም ተብሎ አምስት ቅጠል ያገኛል። ከቀትር በፊት ከደረቀ ምንም። ባለ አምስት ቅጠል ቤት ከምንጩ ቀድሞ ይቀዳል፤ ከደኑም እንዳሻው ይቆርጣል።

ለኪው ጉልላት ሊሞት ሲል ልጁን ቀጸላን ጠራት።

«ልጄ፣ ግድግዳው ገና ጭቃ ሳለ ለካሁ። በእርጥብ ግድግዳ ላይ ጨርቅ መች ይደርቃል? ቤተ መንግሥቱንም እንዲሁ። እያወቅሁ ነው። መለኪያው ይለወጥ።»

መለኪያው የሚለወጠው ውሃው በሚፈልቅበት በምንጩ ራስ በሚማል መሐላ ብቻ ነበር። በዚያ የዛፍ ቅርፊት የለበሰ ዘንዶ፣ ሙርጋድ ይኖራል። ከሠላሳ ዓመት በፊት ንጉሥ ዘምራት ምንጩን የምትጠብቀውን እናት ዝግባ ለምሰሶ ሲወስድ፣ «ቤቴ ለአምስት ቅጠል ካልበቃ እመልሳታለሁ» ብሎ የማለው ለእርሱ ነው።

ቀጸላ አባቷን ቀብራ፣ የለኪነት ሥራውን ወርሳ ወጣች። ቤተ መንግሥቱን የሠራው ሽማግሌ ግንበኛ ቢተው ተከተላት። ጉቶ ብቻ በቀረበት ሜዳ ሰባት ቀን ሄዱ። ሥሮች ከመሬት እየወጡ የሽማግሌውን እግር ያዙ። እሷ መጥረቢያ አነሳች።

«ተይ፣ ልጄ። ሠላሳ ዓመት ስቆርጣቸው አንድ ቀን እንኳ ደኅና ዋላችሁ አላልኳቸውም። ዛሬ ሰላም ይበሉኝ» አላት። ሥሮቹም ለቀቁት።

በምንጩ ራስ ሙርጋድ ከድንጋዩ ተነሣ። ቀጸላ ተንበረከከች።

«በአባቴ አጥንት እምላለሁ! ከእንግዲህ ቤት ባለቀ ዕለት አይለካም። ግድግዳው ሦስት ዓመት ይድረቅ፤ በየሦስት ዓመቱም ዳግም ይለካ። በመለኪያው የወደቀ ቤት ቅጠሉ ይውረድ።»

«ቃልማ ከንጉሥሽም ሰምቻለሁ» አለ ዘንዶው። «ከቤተ መንግሥቱ ጀምሪ። እስክትመለሺ መያዣ ተይልኝ።»

ቢተው ጫማውን አወለቀ። «ዝግባዋን የጣልኳት እኔ ነኝ» ብሎ በደረቀው የውሃ መውጫ ቆመ። እግሩ ሥር ሰደደ።

ቀጸላ ብቻዋን ተመልሳ በማለዳ በንጉሡ አዳራሽ እርጥቡን ጨርቅ ሰቀለች። ዘምራት ጎራዴውን ጉልበቱ ላይ አጋደመ።

«አባትሽ አምስት ብሎ በሰላም ኖረ። አንቺም አምስት በዪና በሕይወት ውጪ።»

ፀሐይ አናት ሳትደርስ ጨርቁ እንደ ቁርበት ደረቀ። ቀጸላ አወረደችው።

«ንጉሥ ሆይ፣ ምንም።»

«ግደሏት!»

የተንቀሳቀሰ የለም። ዘቦቹ የሚኖሩት በሣር ጎጆ ነው፤ ጎጆ አይለካም፣ ከምንጩም መጨረሻ ይቀዳል። ከመካከላቸው ልጅ ያልቀበረ አልነበረም። አለቃቸው ጦሩን አስቀምጦ ገመድ አመጣ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ይውጡ። ጣሪያው ሊወርድ ነው።»

የዝግባዋን ምሰሶ ነቅለው መቶ ሰው ተሸከመው። ምንጩ ራስ ሲደርሱ ቢተው እስከ አንገቱ እንጨት ሆኖ ነበር።

«ፍታው!» ብላ ጮኸች ቀጸላ።

«ልቡ እንጨት ሆኗል» አለ ሙርጋድ። «ብፈታው ይሞታል።»

«አታልቅሺ» አለ ቢተው። «ይልቅ ቱንቢ ጣይ። ጠማማ ምሰሶ አቁሜ አላውቅም፤ በስተርጅና አታሰድቢኝ።»

ቀጸላ ክብደት የታሰረበትን የቱንቢ ክር ቁልቁል ለቀቀች። ምሰሶውን ቀጥ አድርገው በጥንቱ ጉድጓዱ አቆሙት። ዞር ስትል የሽማግሌው አፍ ቅርፊት ለብሷል።

ከምሰሶው ሥር መሬቱ ረጠበ። ውሃው ደፈረሰ፣ ከዚያም ጠራ። መቶው ሰው ተጠምቶ ቆሞ ሳለ ቀጸላ የመጀመሪያውን እፍኝ ቀድታ ከቢተው ሥር አፈሰሰች።

«ዕዳው ተከፍሏል» አለ ሙርጋድ።