የማሽን ክፍሉ ሁለት ቁልፎች

አጭሯ የሞተችው ቁጭ እንዳለች ነው። ምድር ቤት ባለው የማሽን ክፍል ውስጥ፣ ጎማ ባላት ዝቅተኛ ወንበር ላይ፣ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ፣ እስክሪብቶዋም በጣቶቿ መካከል እንዳለ ነበር ያገኟት። ከፊቷ ከተደረደሩት ማሽኖች አንዱም አልቆመም። ማራገቢያዎቻቸው እያጓሩ፣ አረንጓዴ መብራቶቻቸው ብልጭ ድርግም እያሉ ሥራቸውን ይሠሩ ነበር።

መርማሪው በማግስቱ ጠዋት የረጅሟን በር ሲያንኳኳ፣ እሷ ስታለቅስ ያነጋችበትን ፊቷን ገና አልታጠበችም። አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው።

«እትዬ፣ ስለዚያ ክፍል የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ‹ማዘር ቦርድ ናት የምታውቀው› አለኝ። መጀመሪያ የዕቃ ስም መስሎኝ ነበር።»

«የዕቃ ስም ነው» አለች ረጅሟ። «ኮምፒዩተር ውስጥ ያለች ሰሌዳ ናት፤ ሁሉም ነገር የሚሰካው እሷ ላይ ነው። ልጆቹ ናቸው ያወጡልኝ። ስታረጅ ትጣላለች።»

መርማሪው ፈገግ ሊል ብሎ ተወው። ረጅሟ ጡረታ ስትወጣ ዕቃ ያስፈረመችበትን የርክክብ ደብተር ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ጉልበቷን ይዛ ተነሣች።

«ረጅሟ» እና «አጭሯ» የሚለው ስም የወጣላቸው ከሠላሳ አራት ዓመት በፊት ነው። ድርጅቱ የሰባት ሆስፒታሎችን የሕሙማን መዝገብ በኮምፒዩተር የሚይዝ ሲሆን፣ ሁለቱ በአንድ ቀን ሲቀጠሩ ከአርባ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች መካከል ሴቶች እነሱ ብቻ ነበሩ። ወንዶቹ ጸሐፊዎች መስለዋቸው ሳምንቱን ሙሉ የሚተየብ ደብዳቤ ሲያቀብሏቸው ሰነበቱ። አጭሯ አንዱንም ሳትተይብ ሰብስባ፣ ከላዩ «እኛ ፕሮግራመሮች ነን፤ ጸሐፊዋ ፎቅ ላይ ናት» የሚል ወረቀት አድርጋ፣ ዓርብ ዕለት ለአለቃው አስረከበች። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ድካም ነው። ወጣት ሳሉ «ምን ታውቃላችሁ» ተባሉ፤ ሲወልዱ «ሐሳባችሁ ቤት ነው» ተባሉ፤ ሲያረጁ ደግሞ «ጊዜያችሁ አልፏል» ተባሉ።

«ጊዜያችን መቼ ነበር?» ትል ነበር አጭሯ። «እኔ ያን ቀን ቀርቼ ይሆን?»

ረጅሟ ከስድስት ወር በፊት በጡረታ ተሸኘች። አጭሯ ሁለት ዓመት ይቀራት ነበር።

ምድር ቤቱ ኮሪደር ላይ፣ ከማሽን ክፍሉ በር አጠገብ፣ አንድ አሮጌ ቀይ ሳጥን ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። እሳት ቢነሣ ክፍሉን በጋዝ የሚሞላው እሱ ነው። ጋዙ አየሩን አባሮ እሳቱን ያፍናል። ሰውም ካገኘ ያፍናል።

«ሠላሳ ሰከንድ ይጮኻል፣ ከዚያ ይለቀቃል» አለ መርማሪው። «ሳጥኑ የለቀቀበትን ሰዓት መዝግቧል፤ ሁለት ከሃምሳ ሁለት። የድርጅቱ ሰዎች ‹አርጅታለች፤ ጥንቃቄዋን ረስታ ገባች፣ ሳጥኑም አርጅቷል፣ በራሱ ለቀቀ› ይላሉ።»

«ሁለቱም አሮጌ ስለሆኑ ተስማሙ ማለት ነው?»

ረጅሟ መነጽሯን ቀይራ ሳጥኑን በቅርብ አየችው። ማዞሪያው «ራስ-ሰር» በሚለው ላይ ነው፤ ቁልፉም እዚያው ተሰክቶ ይታያል። ከላዩ ያለችውን ትንሽ ሰዓት አየች፤ የእጅ ሰዓቷን አየች፤ እንደገና የሳጥኑን አየች።

«ይህን ሰዓት አሁን ማን ነው የሚያስተካክለው?»

«ማንም የሚነካው የለም አሉኝ።»

«ልክ ነው፤ አይነኩትም» አለች። ቀጥላም፣ «የአጭሯን ዕቃ ላየው?»

መርማሪው ከላስቲክ ከረጢት ውስጥ አንድ በአንድ አወጣላት፦ መነጽር፣ እስክሪብቶ፣ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት፣ በጥቁር ክር የተንጠለጠለች ትንሽ ቁልፍ።

«ይህቺ የቤቷ ቁልፍ ትመስለኛለች። አንገቷ ላይ ነበረች።»

ረጅሟ ግድግዳውን ተደገፈች።

«የቤቷ አይደለም። የዚህ ሳጥን ቁልፍ ነው። ሰው ከመግባቱ በፊት ማዞሪያውን ‹ሰው አለ› ወደሚለው ያዞራል፤ ያኔ እጀታውን ቢጎትቱትም እሳት ቢነሣም ጋዝ አይለቅም። ቁልፉም የሚነቀለው እዚያ ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ወደ ‹ራስ-ሰር› ከዞረ ሳጥኑ ነክሶ ያስቀረዋል።»

መርማሪው አንገት ላይ የነበረውን ቁልፍና ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ቁልፍ እያፈራረቀ አየ። «እንግዲያ እሷ አልረሳችም።»

«ሠላሳ አራት ዓመት አልረሳችም። እሷ ከገባች በኋላ አንድ ሰው በሁለተኛው ቁልፍ መልሶ አዞረው። ከዚያ እጀታውን ሳበ። ቁልፉን ሊያወጣ ቢፈልግም አልወጣለትም።»

መርማሪው የታሸገውን በር ከፍቶ ክፍሉ ውስጥ ገቡ። የማሽኖቹ ጉርምርምታ ያደነቁራል። ከበሩ በላይ ያለው፣ ሳጥኑ ሲጮኽ አብሮ መብራት የነበረበት ቀይ የማስጠንቀቂያ መብራት እንደተቃጠለ ነው፤ ረጅሟ ስለ እሱ ሦስት ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ከዚያ የካሴቶቹን መደርደሪያ አየች። የሆስፒታሎቹ መዝገብ ቢጠፋ መተኪያ የሚሆነው ቅጂ፣ እነሱ ባክአፕ የሚሉት፣ በየቀኑ በነዚህ ካሴቶች ላይ ይገለበጣል፤ ቢያንስ መገልበጥ ነበረበት። ጣቷን በአንዱ ካሴት ጀርባ ላይ አሳለፈች፤ አቧራው መስመር ሠራ። አቧራ የሌለባቸው ከአጭሯ ወንበር አጠገብ ያሉት አሥራ አንዱ ብቻ ናቸው።

ስልኳን አውጥታ ለመርማሪው አሳየችው። አጭሯ ከመሞቷ በፊት ባለው ምሽት የላከችላት መልእክት ነው፦ «ነገ ካሴቶቹን በእጄ አያቸዋለሁ። ቁጥሩ አላማረኝም።»

መጀመሪያ ያነጋገሩት ሥራ አስኪያጁን ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፊቱ ያልተተኮሰ ሰው።

«ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት ተኩል ሦስተኛ ፎቅ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስምንት ሰው ምስክሬ ነው» አለ። «ዋዜማውን ‹ካሴቶቹን በእጄ ልያቸው› ብላ ለእኔም ለሲስተም ኃላፊውም ነግራን ነበር። ልማዷ ነው ብለን አለፍነው። እንዲያው እትዬ፣ ሠላሳ ሰከንድ ሙሉ እየተጮኸ ከወንበሯ ካልተነሣች … ምናልባት ራሷ ሞትን ፈልጋ ይሆን?»

«የካሴት ቁጥር እየጻፈች?» አለች ረጅሟ። ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ደፋ።

ጥበቃው ሽበታም፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨምቆ የያዘ ሰው ነው። ሁለት ከሃምሳ ሁለት ላይ ብቻውን በር ላይ ነበር፤ ያየው ሰው የለም። የሁሉም ዓይን ወደ እሱ መዞሩን አውቋል።

«ሦስት ከአምስት ላይ የሲስተም ኃላፊው ገባ። ወዲያው የውሃ መኪና መጣ፤ ከሾፌሩ ጋር ጠርሙስ ስናወርድ እስከ ሦስት ከሃያ ቆየን፤ ሾፌሩም ፈርሟል። ከዚያ በፊት ግን እኔና እግዜር ብቻ ነን። እሱን ደግሞ ለምስክርነት አይጠሩልኝም።»

የሲስተም ኃላፊው ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ረጅሟ ራሷ ያስተማረችው፣ ፈጣን፣ ቅን የሚመስል ልጅ ነው። ሬሳውን ያገኘው እሱ ነው። ዓይኑ ቀልቷል።

«ማዘር፣ እኔ ስደርስ ሁሉም ነገር አልቋል። በሩ ላይ ካርዴን የነካሁት ሦስት ከአምስት ነው፤ ጋዙ የወጣው ሁለት ከሃምሳ ሁለት። ሦስት ከሃያ አምስት ላይ ልፈልጋት ወረድኩና …»

«ሳጥኑን ታውቀዋለህ?»

«ነክቼውም አላውቅ። እሱ የእናንተ ዘመን ዕቃ ነው፤ ቁልፉ ምን እንደሚመስል እንኳ አላውቅም።»

«ባክአፑስ?»

«በየቀኑ ይሄዳል። ሪፖርቱ አረንጓዴ ነው፤ አንድም ስህተት የለም።»

«እስቲ ሪፖርቱን አትምልኝ» አለችው። እጁን ኪሱ ከትቶ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ አተመላት።

ከምሳ በኋላ መርማሪው ሦስቱንም ስብሰባ አዳራሹ ውስጥ ሰበሰባቸው። ረጅሟ ጉልበቷ ስላመማት ሳትቆም፣ ቁጭ እንዳለች ጀመረች። ስለ ሁለቱ ቁልፎች ለመርማሪው የነገረችውን ደገመችላቸው። ሥራ አስኪያጁ እጁን በአፉ ጫነ።

«አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ» አለች። «የሳጥኑ ሰዓት ከኮምፒዩተሮቹ መረብ ጋር አልተያያዘም። በየወሩ ሦስት ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። በየወሩ የማስተካክለው እኔ ነበርኩ። ከወጣሁ ስድስት ወር ሆነኝ።»

መርማሪው ቀደም ብሎ ወርዶ አይቶታል። «አሥራ ስምንት ደቂቃ ወደ ኋላ ነው» አለ። «በስልኬ አመሳክሬዋለሁ።»

«ስለዚህ ጋዙ የወጣው ሁለት ከሃምሳ ሁለት ላይ አይደለም፤ ሦስት ከአሥር ላይ ነው። ሦስት ከአሥር ላይ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነው። ጥበቃው ከሾፌሩ ጋር ውሃ ያወርዳል።»

ጥበቃው ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኖረ። የሲስተም ኃላፊው ግን ቀና አላለም።

«ማዘር፣ ሕንጻው ውስጥ መሆኔ ብቻ …»

«ብቻ አይደለም። ይህን ሪፖርት ተመልከቱ። ለአራት ወር በየቀኑ የተገለበጠው መጠን አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊጋባይት ነው። አንድ ቀን እንኳ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። በሰባት ሆስፒታል ውስጥ አራት ወር ሙሉ አዲስ በሽተኛ አልመጣም? ይህ የአንድ ቀን ሪፖርት ነው፤ ቀኑ ብቻ እየተቀያየረ ተለጠፈ። ካሴቶቹ አቧራ ለብሰዋል። አጭሯ ቁጥሩ አላማረኝም ያለችው ይህንን ነው።» የርክክብ ደብተሯን ከፈተች። «ቁልፉን አላውቀውም ብለሃል። ተራ ቁጥር ዘጠኝ፤ ‹የጋዝ ሳጥን ሁለተኛ ቁልፍ፣ አንድ›። ከጎኑ ያለው ፊርማ የማን ነው?»

የሲስተም ኃላፊው ደብተሩን አላየም።

«የካሴት መሣሪያው ተበላሸ» አለ በመጨረሻ። «እጠግነዋለሁ እያልኩ ቀን ቀንን ወለደው። ከዚያ መናገር አፈርኩ። ጋዙ ከወጣ ክፍሉ ሁለት ቀን ይታሸጋል፣ እስከዚያ አስተካክለዋለሁ ብዬ ነው። ልገድላት አይደለም፣ ማዘር። ሠላሳ ሰከንድ አለ። ሰምታ ትወጣለች ብዬ ነው።»

«አትሰማም ነበር» አለች ረጅሟ።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ።

«መስማት ካቆመች ሁለት ዓመት ሆናት። ስብሰባ ላይ አጠገቤ የምትቀመጠው የምትሉትን ወረቀት ጠርዝ ላይ እንድጽፍላት ነበር። የጆሮ መሣሪያ አድርጊ ስላት ‹ባዩት ማግስት ያስወጡኛል› አለችኝ። እንደሚያስወጧት እኔም አውቃለሁ። ስለዚህ ዝም አልኩ። ቀዩ መብራት ቢሠራ ታየው ነበር፤ እሱም አልተቀየረም።» ወደ ኃላፊው ዞረች። «አለመስማቷን አንተ አታውቅም፤ በዚህ አልወቅስህም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ጋዙ ሦስት ከአሥር ላይ ወጣ። ‹አገኘኋት› ብለህ የጮኽከው ሦስት ከሃያ አምስት ላይ ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ምን ታደርግ ነበር?»

«ደረጃው ላይ ቆሜ … እስክትወጣ እጠብቅ ነበር።»

«አልወጣችም።»

«አልወጣችም» አለ፤ ፊቱንም በእጆቹ ሸፈነ። መርማሪው ብድግ ብሎ ትከሻውን ያዘው።

ሥራ አስኪያጁ ኮሪደሩ ላይ ተከትሏት ወጣ። «እትዬ፣ ሆስፒታሎቹ የአራት ወር ቅጂ የላቸውም። ያን መሣሪያ የሚያውቀው ሌላ ሰው የለም። ለአንድ ወር ብቻ ቢመለሱልን …»

ረጅሟ ለመቆጣት እንኳ አቅም አጣች። «ነገ እመጣለሁ። የታመሙት ምን አደረጉ? መብራቱን ግን ዛሬ ቀይረው።»

የአጭሯ ልጅ ከሌላ ከተማ ተጉዛ መጥታ ታች አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የእናቷን ሰፊ ግንባር ይዛለች። ረጅሟ አጠገቧ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻት፤ ቁልፉን፣ ሰዓቱን፣ የሲስተም ኃላፊውን፣ የእናቷን ጆሮ።

«ለካ ለዚህ ነው ‹አትደውዪ፣ ጻፊልኝ› የምትለኝ» አለች ልጅቷ። «ሥራ ይበዛባታል ብዬ እቀየም ነበር።»

«እኔ አውቅ ነበር። አትንገሪብኝ አለችኝ፣ አልነገርኩም። ተናግሬ ቢሆን …» የቀረውን አልጨረሰችውም።

ልጅቷ ወደ እሷ ዞረች። «አክስቴ፣ ፈርታ ነበር?»

«አልፈራችም። ወረቀቱን አይቼዋለሁ። እስከ መጨረሻዋ ቁጥር ድረስ እጇ አልተንቀጠቀጠም። ሥራዋ ላይ ነበረች።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ተነሥታ የረጅሟን ቦርሳ ከትከሻዋ አወረደችላትና ራሷ ያዘችው።

«ከዋናው በር ውጭ ያለው ደረጃ ብዙ ነው» አለች፣ ክንዷን እየሰጠቻት። «ቀስ እያልን እንውረድ።»